ለቁልቁለት የመረጥናት ሞተር

ሮቤ ውስጥ ሞተር የምንነዳ ሴቶች ጥቂት ነን፤ ከእነዚህም መሐል ነጭናጫዋ እኔ ሳልሆን አልቀርም። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ቀበሌ ለቀበሌ እየዞርኩ ላምና በግ መክተብ፣ የፈረስ ሰኮና ማየት፣ ከዚያ ደግሞ ጭቃዬን አራግፌ ወደ ሌላው ቀበሌ መሄድ ነው። ስለዚህ ከሰው ይልቅ ከመንገድ ጋር ስጣላ ነው የኖርኩት። የመሥሪያ ቤቱ ሞተር ለስንዴው ሜዳ አያንስም፤ የሮቤ ሜዳ ደህና መሪ ላለው ሞተር ሁሉ ይመቻል። ጫካ ግን ሌላ ነው። የራሴን ሞተር ልገዛ የተነሳሁትም ለጫካ ነበር፤ ምክንያቱ ደግሞ ሥራዬ ሳይሆን አባቴ ናቸው።

አባቴ ፈረሰኛ ናቸው። ናቸው የምለው ፈረሳቸው አሁንም ግቢያችን ውስጥ ስለሚግጥ ነው እንጂ፣ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ኮርቻ ላይ ወጥተው አያውቁም። ሐኪሙ እግር አንፈራጦ መቀመጥን ከልክሏቸዋል። የፈረስ ሆድ ሰፊ ነው፤ የተጠገነ ዳሌ እስከዚያ ድረስ አይከፈትም። ከዚያ በፊት ግን አዝመራ በተሰበሰበ ቁጥር ብርዳሙን የሳነቴ አምባ በፈረስ አቋርጠው፣ ሐረና ጫካ ውስጥ ወደሚኖሩት ታላቅ እህታቸው ይወርዱ ነበር። በኦሮምኛ የአባት እህት አዳዳ ትባላለች፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠራቸው እንዲሁ ነው። ከዚያ ሁሉ እህትና ወንድም የቀሩት እሳቸውና አባቴ ብቻ ናቸው። አዳዳ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ መልክ አያዩም።

አንድ ጊዜ፣ አዳዳን እዚህ እናምጣቸው ብዬ ለአባቴ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ።

"ታናሽ ነው ወደ ታላቅ የሚሄደው። ተራራ ጠርተሽ መጥቶልሽ ያውቃል?"

"እንግዲያው የቀበሌው ሰው በቃሬዛ ይውሰድዎት።"

"በቃሬዛ የሚመጣ እንግዳ መርዶ ነው" አሉና ነገሩን ዘጉት።

መኪና ደግሞ ከሪራ መንደር በታች ካለው ዋና መንገድ አይዘልም። ከዚያ ወዲያ ወደ አንገቱ ከተማ በሚያዘነብለው ጫካ ውስጥ የሰውና የከብት መንገድ ነው ያለው። የጫካ ቡና ጭነው ወደ ጎባ የሚወጡ ሞተረኞች ግን ያልፉበታል፤ የአዳዳን ሰላምታ የሚያመጡልንም እነሱ ነበሩ። ሰላምታው ሁልጊዜ በአንድ ጥያቄ ያልቃል፦ ፈረሱ ደህና ነው ወይ? አባቴም ሁልጊዜ "ደህና ነው በሉልኝ" ይላሉ። ሁለቱም የሚጠያየቁት ስለ ፈረስ አለመሆኑን እኔም ሞተረኞቹም እናውቅ ነበር።

በዚያ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ አንዱ ሞተረኛ ሲመጣ ሰላምታውን ካደረሰ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አዳዳ እህል እንደቀነሱ፣ ከቤትም ብዙ እንደማይወጡ ነገረን። ስለ ፈረሱ ግን ጠይቀዋል። አባቴ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። እኔ የሞተር ነገር ሳወራ እንደከረምኩ ያውቃሉ፤ የአስር ሶላት ሰግደው ሲጨርሱ ጠሩኝና፣ "ሞተሯን ስትመርጪ እኔንም ቁጠሪኝ" አሉኝ።

ሞተር መምረጥ ለእኔ ደስታ ነበር፤ አሁን ፍርሃት ገባበት። የተሳሳተ ሞተር ብገዛ፣ ወንድምና እህት ሳይተያዩ ሊቀሩ ነው።

ስለ ጫካ መንገድ የማውቀውን ልናገር። ሰው ሞተር ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጉልበቷን ነው። ጠባብ መንገድ ላይ ግን የማትጠቀሚበት ጉልበት ጠላትሽ ነው። ሥር በሥር ላይ የተጋደመበት፣ ድንጋዩ አረንጓዴ ሽበት አውጥቶ የሚያንሸራትትበት ቦታ ላይ ከሰው እርምጃ በላይ አይኬድም። እዚያ የሚፈለገው ቀላል ክብደት፣ መሪዋ እስከ ጥግ የሚጠመዘዝ፣ ሆዷ ከድንጋይ ከፍ ያለ፣ አንደኛ ማርሿ ደግሞ እየዳኸ የሚሄድ ሞተር ነው። በግራ እጅ የሚጨመቀው ፍሪሲዮኗ ለጣት መለስለስ አለበት፤ ቀኑን ሙሉ የምትይዢው እሱን ነውና። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄም ጎባ ውስጥ ያየኋት ረጅሟ ቀይ ሞተር አሳበደችኝ።

ሻጩ ጎባ ላይ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። ግቢው ውስጥ ሦስት ሞተር አሰልፏል። አንደኛዋ ያቺ ቀይዋ ናት፤ ባለ ሁለት መቶ ሃምሳ ሲሲ፣ የፊት ጎማዋ ትልቅ፣ ቁመቷ ከወገቤ በላይ። ሁለተኛዋ በየከተማው የምናያት፣ ቡናም ሰውም የምትጭን የተለመደችዋ ሞተር። ሦስተኛዋ ግድግዳ ጥግ ተደግፋ የቆመች፣ ቀለሟ የለቀቀ፣ ባለ መቶ ሃያ አምስት የገጠር ሞተር ነበረች። ቀጭን ናት፤ ወንበሯም ከአጥንት ላይ የተለጠፈ ቆዳ ይመስላል። እኔ ዓይኔን ከቀይዋ ላይ መንቀል አቃተኝ።

ሻጩ አየኝና ሳቀ። "ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው" አለና በሩ ፊት ያለውን አስፋልት አሳየኝ።

አባቴ ከመኪና ወርደው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። "ሜዳውን ተወው" አሉት። "ቁልቁለቱ የት ነው?"

ባሌ ውስጥ ፈረስ የሚመረጠው እንዲህ ነው። ሻጭ ፈረሱን ሜዳ ላይ ማስጋለብ ይወዳል፤ ሜዳ ላይ የማያምር ፈረስ የለማ። ገዢ ግን አፋፍ ፈልጎ ቁልቁል ያወርደዋል። ልጓሙን ያላላለታል፣ ተረከዙንም አይነካውም። ከዚያ እግሩን የት የት እንደሚያሳርፍ ያያል። ቁልቁለት ላይ የሚሮጥ ፈረስ የቱንም ያህል ቢያምር ለሻጩ ይመለሳል። አባቴ በሕይወታቸው ሞተር ነድተው አያውቁም፤ ሌላ መምረጫ ስለማያውቁ ይህንኑ ይዘው መጡ። እኔም ሐሳቡን ወደድኩት፤ ከሥራዬ ጋር አልተጣላብኝም።

ሦስቱን ሞተሮች ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ቶጎና ወንዝ የሚወርድ ገደላማ የከብት መንገድ ላይ ወሰድናቸው። አባቴ ከላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "በአንደኛው ማርሽ አድርጊና ነዳጁን አትንኪ፤ ልጓሙን ልቀቂላት" አሉኝ።

የተለመደችዋ ሞተር ብዙም ሳትወርድ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ድንጋይ መትቶ ቆመች። ቀይዋ ደግሞ ስለቃት ፈረጠጠች። አንደኛ ማርሿ ረጅም ነው፤ ነዳጅ ሳልሰጣት ራሷ ይዛኝ ወረደች፣ ፍሬን ስይዝ ኋላዋ ተንሸራተተ፣ እግሬን ላሳርፍ ስል መሬቱ ሩቅ ሆነብኝ። የቆመችልኝ ወንዙ ዳር ስደርስ ነው። ግን አልጠላኋትም። እንዲያውም ወደላይ ስመልሳት አፋፉን በአንድ ትንፋሽ ስትበላው፣ ይህችስ ሳነቴንም ታልፋለች አልኩ። ያቺ ጥጉ ላይ የነበረችው ትንሿ ግን ልቀቂያት ባሉኝ መሠረት ስለቃት፣ ጠት ጠት እያለች ድንጋዩን አንድ በአንድ እየቀመሰች ወረደች። ሁለቱም እግሮቼ መሬት ይነካሉ። ታች ደርሼ ቀና ስል አባቴ ምርኩዛቸውን ከፍ አደረጉልኝ።

ከዚያ ያላሰብኩትን ፈተና አመጡ። በሦስቱም ላይ ተራ በተራ ከኋላዬ መውጣትና መውረድ ፈለጉ። ቀይዋ ላይ እኔና ሻጩ ደግፈን አወጣናቸው፤ ደግፈንም አወረድናቸው። "ጥሩ ፈረስ ነው" አሉ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ "የእኔ ግን አይደለም።"

"አባባ፣ እኔ አወርድዎታለሁ እኮ። ምን ቸገረዎት?"

"እንደምታወርጂኝ አውቃለሁ" አሉ።

ትንሿ ላይ ምርኩዛቸውን መሬት ተክለው፣ ደህናውን እግራቸውን በቀጭኑ ወንበር ላይ አሻግረው በራሳቸው ተቀመጡ። በራሳቸውም ወረዱ። ደግመው ወጡ፣ ደግመው ወረዱ። ሻጩ ሊደግፋቸው እጁን ሲዘረጋ "ተው" አሉት። እኔ መውደቅ የፈሩ መሰለኝ። ስለ ፍርሃታቸው አዘንኩ፤ ስለ ቀይዋ ደግሞ ከዚያ የበለጠ አዘንኩ፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ሻጩም ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ "ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ የሚያደርስሽን ውሰጂ" አለኝ። ትንሿን ወሰድኩ። ቀኑን ሙሉ ኮስተር ብዬ ዋልኩ።

ሻጩ የሰንሰለቱን የፊት ጥርስ አነስ ባለ ቀየረልኝ፤ እንዲያ ሲደረግ አንደኛው ማርሽ ይበልጥ ይዳኻል። ከሆዷ ሥር ብረት አስበየድኩላት። ጎማዎቿን ጥርሳቸው በጠለቀ አዳዲስ ቀየርኩና፣ ዝናቡ ፋታ የሰጠበትን ሳምንት ጠብቀን ከሱብሂ ሶላት በኋላ ተነሳን። አባቴ ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ ጋቢያቸውን በካፖርት ላይ ደርበው ከኋላዬ ተቀመጡ። ለአዳዳ የያዙት ስጦታ አንድ ከረጢት የሮቤ ስንዴ ነበር።

ከጎባ በላይ ጥዱና ኮሶው እያለቀ፣ ቁጥቋጦው እያጠረ፣ መጨረሻ ላይ ሳነቴ ተከፈተ። በሥራ ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ፤ ሁልጊዜ ስለ ብርዱ እየተነጫነጭኩ። ያን ቀን ግን ከኋላዬ ላሉት ሰውዬ ስል መነጫነጩን ተውኩ። ጅብራዎቹ ውርጭ ለብሰው ቆመዋል፤ ኩሬዎቹ ሰማዩን ይዘው ተኝተዋል፤ ሰው የለም፤ ከሞተራችን ሌላ ድምፅ የለም። እዚያ ከፍታ ላይ ትንሿ ሞተር ትንፋሽ አጥሯት በሁለተኛ ማርሽ ነበር የምትሄደው፤ እኔም ቀይዋን እያሰብኩ ነበር። አባቴ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። አቆምኩ፤ ሞተሩንም አጠፋሁ።

ቀይ ቀበሮ ነበረች፤ ከመንገዱ ዳር ቆማ ታየናለች። እኛ አገር ጀደላ ፈርዳ፣ የፈረስ ቀበሮ እንላታለን፤ ልትወልድ የደረሰች ባዝራ ካለች ትከተላለች ይባላል። አባቴ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ "ፈረሴ ላይ ሆኜም እዚሁ ነበር የምትቆመው" አሉኝ። ያቺው አለመሆኗን ያውቃሉ፤ እኔም አላረምኳቸውም። ቀበሮዋ ፊቷን አዙራ በእርጋታ ሄደች። አባቴ "ሱብሃነላህ" አሉ በለሆሳስ፤ ከዚያም ዙሪያውን ሁሉ፣ ሰማዩን፣ ድንጋዩን፣ ጅብራውን ቀስ ብለው እየዞሩ አዩት። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ይህን ሁሉ ሳያዩት መኖራቸው ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ተራራው ያን ያህል ትልቅ መሆኑም ያን ጊዜ ገባኝ፤ ፈራሁት፣ ደስም አለኝ።

የአምባው ጫፍ ላይ ደግሞ መሬቱ ድንገት ያልቃል። ከሥራችን ደመና ነበር፤ ደመናው ሲሰነጠቅ ጥቁር አረንጓዴ ጫካ እስከ ዓይን መጨረሻ ይታያል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደዚያ ይወርዳል። ብርዱ ቀስ በቀስ ለቀቀን፤ ቀርከሃው መጣ፣ ሪራን አለፍን፣ ከዚያም ዋናውን መንገድ ትተን ዛፉ ውስጥ ገባን።

ጫካው ውስጥ ያየሁትን እስከ ዛሬ ስናገር ሰው ያጋነንኩ ይመስለዋል። እኔ ከኋላዬ በግ ጭኜ አውቃለሁ፤ የክትባት ሳጥንም፣ ወፍራም ኃላፊም ጭኜ አውቃለሁ። የተጫነ ነገር ሁሉ መታጠፊያ ላይ ወደ ራሱ ይጎትታል። አባቴ ግን ሥር ሲመጣ ከእኔ በፊት ያውቁታል፤ ወንበሩን ትንሽ ለቀቅ ያደርጉታል፤ መሪውን ወደ ግራ ስስብ ክብደታቸው አስቀድሞ ግራ ሆኖ ይጠብቀኛል። ብቻዬን የምነዳ ይመስለኝ ነበር። የፈረሰኛ ገላ ነው፤ ዳሌ ቢሰበርም አልረሳም። በሕይወቴ ብዙ ጎበዝ ነጂ አይቻለሁ፤ ከኋላ ተቀምጦ እንደ አባቴ የሚነዳ ግን አላየሁም። እየነዳሁ ገረመኝ፤ ተገርሜም አልጠገብኩም። በላያችን ዛፎቹ ረጅም የዛፍ ሽበት አንጠልጥለው ተጋጥመዋል፤ የማር ቀፎዎች ከቅርንጫፍ ላይ ተጋድመዋል፤ ቡናው ከሥራቸው በራሱ ፈቃድ በቅሏል። ፀሐይ የምትደርሰው በጠብታ ነው።

አንድ ጅረት ላይ ግን ድንጋይ ከጎማችን ሥር ተገለበጠ። ሞተሯ ጠፋች፤ ወደ ቀኝ አዘመመችም። ሁለቱንም እግሮቼን ውኃው ውስጥ ተከልኩ፤ መሬት ያዙልኝ። ውኃው ቡትስዬ ውስጥ ገብቶ እየቀዘቀዘኝ፣ ቀይዋ ብትሆን ኖሮ ሁለታችንም አሁን ተጋድመን ነበር ብዬ አሰብኩ። ያን ጊዜ ነው ቀይዋ ከልቤ የወጣችው። የአባቴ አንድ እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር። ሞተሯን በእግሬ መትቼ አስነሳኋትና እየዳኸች ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ጫካው ገለጥ ወዳለበት ስንደርስ አንድ ትልቅ ዝግባ ታየ። ከዝግባው ወዲያ የአጥር እንጨት፣ ከአጥሩ ወዲያ የአዳዳ ቤት ጭስ። እስከ በሩ ድረስ ለምለም ሣር ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያ ያለ ደህና መንገድ አላገኘንም። የቡና ሞተረኞች ጎማም እስከ ደጃፉ መስመር አውጥቶበታል። ነዳጅ ልሰጣት ስል አባቴ ትከሻዬን ያዙኝ።

"እዚህ አቁሚ። አጥፊያት።"

"ቤቱ እዚያ ነው እኮ፣ አባባ።"

"አየሁት። የታላቅ ደጅ በፈረስ ላይ ሆኖ አይደረስም። ከዛፉ ሥር ነው የሚወረደው፤ ሁልጊዜም እዚህ ነው የምወርደው።"

ሞተሯን አጠፋሁ። ልወርድና ልደግፋቸው ስል "ተይ" አሉኝ። ምርኩዛቸውን ሣሩ ላይ ተከሉ፤ ደህናውን እግራቸውን በቀጭኑ ወንበር ላይ አሻገሩ፤ በራሳቸው ወረዱ። ቀና ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉና ፊቴን አይተው ጥያቄዬን ሳልጠይቅ መለሱልኝ፦ "ሰው ደግፎ ቢያወርደኝ ወረድኩ አይባልም፣ ልጄ፤ ተራገፍኩ ነው የሚባለው።"

ጎባ ላይ መውጣትና መውረዱን የደጋገሙት ለዚህ ነበር። መውደቅ የፈሩ መስሎኝ አዝኜላቸው ነበር፤ አሁን የማዝንበት ጠፋኝ። ከዝግባው እስከ አጥሩ ያለውን ሣር በምርኩዛቸው፣ አንድ እርምጃ ሄደው ትንሽ እየቆሙ፣ ላባቸው በጥምጣማቸው ሥር እየወረደ ተራመዱት። እኔ የጠፋችውን ሞተር መሪዋን ይዤ፣ ፈረስ እንደሚሳብ ከኋላቸው እየሳብኩ ተከተልኩ። ስንዴው ላይዋ ላይ ነበር። ሳነቴን ለማቋረጥ ከወሰደብን ጊዜ ይልቅ ያቺ ሣር የረዘመች መሰለኝ።

አጥሩ ጋ ስንደርስ አዳዳ ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ከቤት አይወጡም የተባሉት ሴት፣ የበዓል ሻሻቸውን አስረው፣ አዲስ ነጠላ ለብሰው፣ የበሩን መቃን ይዘው ቆመዋል። ማንም መምጣታችንን አልነገራቸውም። እኛም ቃል አልተነፈስንም። የማያዩ ዓይኖቻቸው ግን በቀጥታ አባቴ ላይ ነበሩ፤ እጃቸውንም ዘርግተውላቸው ነበር።

አባቴ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ሳሙ። ከዚያ አባቴ በኦሮምኛ፣ በማላውቀው የልጅ ድምፅ፣ "እኔ መሆኔን እንዴት አወቁ?" አሏቸው።

"የሞተር ድምፅ ሰማሁ" አሉ አዳዳ። "ቡና ሊጭኑ የሚመጡት ሁሉ እስከ በሬ ድረስ ነው የሚነዱት። ይሄኛው ዝግባው ሥር ሲደርስ ጠፋ። ጠበቅኩ፣ ተመልሶም አልተነሳ። እዚያ የሚወርድልኝ ሰው አንድ ነው የቀረኝ አልኩና ልብሴን ቀየርኩ።"